ጌሙን ሳልዘጋ መጽሐፍ መክፈት፦ ለእጅ ጌም ማጫወቻ የራሴን ሜኑ እየሠራሁ ነው፣ እርዱኝ

ማታ_ኮደር፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ረዘም ይላል። ሦስት ሳምንት ብቻዬን ስታገለው ስለቆየሁ ምንም ሳልዘል ልጻፈው።

ቀን ሞባይል ጥገና ነው የምሠራው። ማታ ማታ ደግሞ በሲ ኮድ እጽፋለሁ። ባለፈው ዓመት እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ለታናሽ ወንድማችን አንድ የእጅ ጌም ማጫወቻ ይዛለት መጣች። ስክሪኑ 3.5 ኢንች ነው፣ 640 በ480 ፒክስል። ቺፑ ኦልዊነር ኤች700፣ ራሙ 1 ጊጋ። ውስጡ ሊኑክስ ነው፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) 4.9። ልጁ ከእጁ አይለየውም።

እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ቻርጅ የተረፈው ዕቃ ይሄ ብቻ ነው። ስለዚህ የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፉን በፒዲኤፍ ጫንኩለት። እናቴ የምትወዳቸውን መዝሙሮችም ጨመርኩበት። ችግሩ፣ መጽሐፉን ለመክፈት ጌሙን መዝጋት ግድ ነው። ኳሱን 70ኛው ደቂቃ ላይ አድርሶ "በል አሁን አጥና" ስለው "እስኪያልቅ ጠብቀኝ" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ከዘጋው ጨዋታው ጠፋ ማለት ነው። መዝሙሩም ጌም በተከፈተ ቁጥር ይቋረጣል። እናቴ ደግሞ እሱን እየሰማች ነው ቡና የምታፈላው።

የምፈልገው ይሄ ነው። የሜኑ ቁልፉ ሲጫን ጌሙ ባለበት ይተኛ። መጽሐፉ ይከፈት። ተነቦ ሲያበቃ ጌሙ ከተኛበት ሴኮንድ ይነሳ። መዝሙሩ በመሃል አይቋረጥ።

ለዚህ ብዬ የራሴን ሜኑ ጻፍኩ። ሜኑው ሁልጊዜ ሚሞሪ ውስጥ አለ፤ በቀጥታ ፍሬምበፈሩ (ስክሪኑ ላይ የሚታየው ምስል ያለበት ሚሞሪ) ላይ ነው የምስለው። ጌሞቹን በፎርክና በኤግዜክ (አዲስ ፕሮሰስ ፈጥሮ ፕሮግራም በሚያስነሱ የሊኑክስ ጥሪዎች) የሚያስነሳቸው እሱ ነው። የሜኑ ቁልፉ ሲጫን ለጌሙ ሲግስቶፕ የሚባለውን የማቆሚያ ምልክት እልክለታለሁ፣ ለመመለስ ሲግኮንት፣ ማለትም የመቀጠያውን። የመጀመሪያው ሌሊት አንድ የጌምቦይ ጌም ላይ ሞከርኩት፤ ቆመ፣ ተነሳ። ደስታዬን አትጠይቁኝ፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ሌሎቹን ጌሞች ስሞክር ነው ጉዱ የወጣው።

አንደኛ፣ አንዳንድ ጌሞች ላይ ስክሪኑ ይዋጋል። የእኔ ሜኑ ብልጭ ይላል፣ ጌሙ ብልጭ ይላል፣ ተመልሶ ሜኑው። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ግልባጩ ነው፤ ጌሙ መቆሙን ቆሟል፣ ግን የቆመው ምስል እንዳለ ይቀራል። ሜኑዬ ከሥር እየሠራ እንደሆነ የማውቀው ቁልፍ ስጫን የሆነ ነገር ስለሚከፈት ነው።

ድምፁም አስቸግሮኛል። ጌሙ ተኝቶ መዝሙር ማጫወቻውን ስከፍት "መሣሪያው ሥራ ላይ ነው" የሚል ስህተት ይመልስልኛል። ጌሙ ቆሞም የድምፅ ካርዱን አልለቀቀም።

በጣም ያናደደኝ ግን የቁልፎቹ ነገር ነው። ሜኑ ውስጥ ወደ ታች ወደ ላይ ብዬ፣ መጽሐፉን አገላብጬ፣ ወደ ጌሙ ስመለስ ተጫዋቹ ብቻውን መሮጥ ይጀምራል። ያልነካሁትን ቁልፍ የነካሁ ያህል። አንዴ ወንድሜ ፊት በራሱ ጎል ላይ አገባ። ልጁ ማጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት፤ ላግዘው ብዬ የጀመርኩት ነገር ነበር።

የመጨረሻው ራም ነው። ጌም ተኝቶ፣ መዝሙር እየሄደ፣ መጽሐፉን ከፍቼ ትንሽ ገጽ ስገልጥ ከርነሉ ጌሙን ይገድለዋል። መጽሐፉ ስካን የተደረገ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ሙሉ ፎቶ ነው።

ጥያቄዬ፦ በዚሁ መንገድ ልግፋበት ወይስ ሁሉንም ትቼ ኮምፖዚተር (የፕሮግራሞችን ምስል ተቀብሎ ስክሪኑ ላይ የሚያወጣ ፕሮግራም) ላይ ልሥራው? ከናንተ ውስጥ እንዲህ ያለ ትንሽ ዕቃ ላይ የሠራ ካለ ልምዱን ያካፍለኝ።

የድሮ_ጂፒቱኤክስ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ወጣትነቴ ትዝ አለኝ። በፈረንጆቹ 2005 የወጣው ጂፒቱኤክስ የሚባል የእጅ ጌም ማጫወቻ ላይ ነው እኔ ሲ የተማርኩት። 64 ሜጋ ራም፣ 320 በ240 ስክሪን፣ ሁለት የግድግዳ ሰዓት ዓይነት ተራ ባትሪ ድንጋዮች። እዚያ ላይ ሁለት ነገር አብሮ ማስኬድ የሚባል ነገር አልነበረም። ሜኑው ጌም ሲያስነሳ ራሱ ከሚሞሪ ይወጣል። ጌሙ ሲያልቅ ደግሞ ሜኑውን መልሶ የሚያስነሳው ጌሙ ነው። የእያንዳንዱ ጌም ጸሐፊ መጨረሻ ላይ "ሜኑውን አስነሳ" የምትል መስመር መጻፍ ነበረበት። ከረሳት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ አጥፍተህ ታበራለህ። የአንተ ሜኑ ወላጅ ሆኖ ጌሞቹን እንደ ልጅ መያዙ ብቻውን ከዚያ ዘመን ብዙ ርቋል። ይህን መሠረት አታፍርሰው።

አሁን ወደ ችግሮችህ። የሚዋጋው ስክሪን ላይ ምርመራዬ ይሄ ነው፦ ጌሙን አላቆምከውም። ያቆምከው ስክሪፕቱን ነው። የማይዋጉት ጌሞች በቀጥታ የሚነሱት ናቸው፤ የሚዋጉት በሼል ስክሪፕት (ትዕዛዞች በተጻፉበት ትንሽ ፋይል) በኩል የሚነሱት ናቸው። ትክክል ነኝ? አንተ የምታውቀው የስክሪፕቱን ፕሮሰስ ቁጥር ነው። ስክሪፕቱ ይቆማል፤ እሱ የወለደው ኢሙሌተር (የድሮ ጌሞችን የሚያጫውተው ፕሮግራም) ግን ምንም አልደረሰውምና ስዕሉን መሳሉን ይቀጥላል። ከፎርክ በኋላ፣ ከኤግዜክ በፊት፣ አዲስ የተወለደውን ፕሮሰስ በራሱ የፕሮሰስ ቡድን ውስጥ አስገባው። ከዚያ ምልክቱን ለአንድ ፕሮሰስ ሳይሆን ለቡድኑ ላክ፤ በኪል ጥሪው ላይ ቁጥሩን በኔጌቲቭ መስጠት ነው። ያኔ ስክሪፕቱም ልጁም የልጅ ልጁም አብረው ይተኛሉ። ራሱን ከቡድኑ የሚያወጣ ፕሮሰስ ከገጠመህ የሲግሩፕ ፍሪዘር የሚባለውን የከርነሉን ማቆሚያ ተጠቀም። 4.9 ላይ የድሮው ዓይነት አለ፤ ቡድኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንድ ጽሑፍ ያቆምልሃል።

ግልባጩ ችግር፣ ምስሉ ቆሞ የሚቀርበት፣ ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ጌሞች ፍሬምበፈሩን ሁለት ገጽ አድርገው ነው የሚጠቀሙት። አንዱ ሲታይ ሌላው ይሳላል። አንተ ጌሙን ያቆምከው ሁለተኛው ገጽ እየታየ ሳለ ከሆነ፣ አንተ ደግሞ የምትስለው የመጀመሪያው ላይ ከሆነ፣ ሥራህ አለ ግን ማንም አያየውም። ሜኑው ሲነሳ የዋይ ኦፍሴቱን (የትኛው ገጽ እንደሚታይ የሚወስነውን ቁጥር) አንብበህ አስቀምጥ፣ ወደ ዜሮ መልሰው፣ ጌሙን ስትቀሰቅስ የነበረበትን መልስለት።

ቁልፎቹ። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብበኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኢቭዴቭ (የቁልፎችን መጫን ለፕሮግራሞች የሚያደርሰው የሊኑክስ ክፍል) ቁልፉን ለከፈተ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ወረፋ ይይዝለታል። ጌሙ ተኝቶም ቢሆን የቁልፍ ፋይሉን እንደከፈተ ነው። አንተ ሜኑ ውስጥ የነካኸው ሁሉ በእሱ ወረፋ ላይ ይጠራቀማል። ሲነቃ ያንን ሁሉ ቁጭ ብሎ ይውጠዋል። ወረፋው ከሞላ ደግሞ የቆየው ይጣልና "ጠፍቷል" የሚል ምልክት ብቻ ይደርሰዋል፤ ብዙ ጌም ያንን ምልክት አያነበውም። ልጁ በራሱ ጎል ያገባው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ ንገረው።

መድኃኒቱ ግራብ የሚባለው ጥሪ ነው። ሜኑህ ቁልፉን በግራብ ሲይዘው ከእሱ ሌላ ማንም አይሰማም። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ሰውየው የሩጫ ቁልፉን እንደያዘ ሜኑ ቢጫን፣ ጌሙ "ተጫነ" የሚለውን ሰምቷል፣ "ተለቀቀ" የሚለውን ግን አይሰማም። ሲነቃ ቁልፉ እንደተያዘ ይመስለዋል። ስለዚህ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ሜኑው ከመጀመሪያው አንስቶ እውነተኛውን ቁልፍ ይይዛል፣ ዩኢንፑት በሚባለው የከርነሉ መሣሪያ ምናባዊ ቁልፍ ይፈጥራል፣ ጌሙ የሚያየው ምናባዊውን ብቻ ነው። ከማስተኛትህ በፊት የተያዙትን ቁልፎች ሁሉ "ተለቀቀ" ብለህ ትልክለታለህ፣ እንዲውጠው አንድ ሁለት ፍሬም ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ታስተኛዋለህ። አንድ ፍሬም 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ማንም አያውቅብህም።

ለድምፁ የአልሳ (የሊኑክስ የድምፅ ሲስተም) ዲሚክስ ይበቃሃል፤ የብዙ ፕሮግራሞችን ድምፅ ደባልቆ ወደ አንድ ካርድ ይልካል። ጌሙም መዝሙሩም ካርዱን በቀጥታ ሳይሆን በዲሚክስ በኩል ይክፈቱት። የተኛው ጌም ዝም ይላል፣ ሌላው ይቀጥላል።

ገርጂ_7፦

እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ለምን ታስተኛዋለህ? ሴቭ አድርገህ ዝጋው። ሚዩ ሚኒ የሚባለው ትንሽ ማጫወቻ 128 ሜጋ ራም ብቻ ነው ያለው። ኦኒየን የሚባለው ሲስተም እዚያ ላይ ጌም መቀያየሪያ አለው፤ የተጫወትካቸው ጌሞች ከነፎቷቸው ተሰልፈው ታያለህ፣ አንዱን ስትመርጥ ካቆምክበት ይቀጥላል። ሲታይ ሁሉም አብረው የተከፈቱ ይመስላል። በእውነቱ ግን አንዱ ብቻ ነው ያለው፣ ሌሎቹ ካርዱ ላይ የተቀመጡ ሴቮች ናቸው።

የአንተም ኢሙሌተር ሬትሮአርክ የሚባለው ከሆነ ከሌላ ፕሮግራም ማዘዝ ትችላለህ። የኔትወርክ ትዕዛዝ የሚለውን ሴቲንግ አብራው፤ በዩዲፒ ፖርት 55355 ላይ ይሰማሃል። "ሴቭ አድርግ"፣ "ቁም"፣ "ውጣ" የሚሉ ትዕዛዞች አሉት። በዚህ መንገድ ከራም ጋር መጣላት የለም። መብራት ጠፍቶ ባትሪውም ቢያልቅ ጨዋታው ካርዱ ላይ አለ። በሲግስቶፕ የተኛ ጌም ግን ባትሪው ሲሞት አብሮ ይሞታል። እናንተ ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

ኮምፖዚተሩን በተመለከተ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ወረቀት ላይ ይስላል፣ ኮምፖዚተሩ የትኛው ወረቀት ይታይ የሚለውን ብቻ ይወስናል። ስክሪን መዋጋት የሚባል ነገር ይጠፋል። ለአንድ ፕሮግራም ሁለት ወረቀት ቢያዝ በዚህ ስክሪን 2.4 ሜጋ ገደማ ነው፤ አያስፈራም። በፈረንጆቹ 2022 የወጣው ስቲም ዴክ የሚባለው የእጅ ማጫወቻ ጌምስኮፕ የሚባለውን ኮምፖዚተር የሚጠቀመው ለዚህ ነው። ግን ስቲም ዴክ 16 ጊጋ ራም አለው፣ ጌምስኮፕም ቩልካን የሚባለውን የግራፊክስ ሲስተም ይፈልጋል። ለአንተ ዕቃ የሚቀርበው አዲስ ከርነል ከፓንፍሮስት (የግራፊክስ ቺፑ) ድራይቨር ጋር፣ ላዩ ላይ ስዌይ ወይም ኬጅ የሚባል ኮምፖዚተር ነው። ያ ማለት ከርነሉን መቀየር ነው። አሁን ልጁ የሚጠቀምበት ዕቃ ላይ አትጀምረው። ሌላ ሚሞሪ ካርድ ላይ ሞክረው።

ፊደል_በፒክስል፦

እኔ ከርነል አላውቅም፤ ሥራዬ የአፕ ዲዛይን ነው። ግን ሁላችሁም ስለ ፕሮሰስ ስታወሩ ልጁ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚያይ ማንም አልጠየቀም።

3.5 ኢንች ላይ መስኮት አትሥራ። የላፕቶፕን ነገር ወደ እጅ ዕቃ ማምጣት ተሞክሯል። በፈረንጆቹ 2010 የወጣው ፓንዶራ የሚባል የእጅ ማጫወቻ ኪቦርድና 800 በ480 ስክሪን ነበረው፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባል እንደ ኮምፒውተር ያለ ዴስክቶፕ ይዞ ነው የወጣው። ኪቦርድ ላለው ሰው ያ ደስ ይላል። የአንተ ወንድም ያለው ግን አራት አቅጣጫና ጥቂት ቁልፎች ናቸው። ስለዚህ ካርዶች ይሁኑ። ከሦስት አይብለጡ፦ ጌም፣ መጽሐፍ፣ መዝሙር። ግራ ቀኝ ብቻ። ጌሙ ካርድ ላይ የቆመበት ምስል ይታይ፤ ልጁ 70ኛው ደቂቃ ላይ መሆኑን በዓይኑ ካየ ለመተው አይፈራም። በእኔ እምነት የጥያቄህ ልብ ይሄ ነው። ልጁ "እስኪያልቅ ጠብቀኝ" የሚለው ይጠፋብኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው። ምስሉን በግማሽ፣ 320 በ240 በ16 ቢት ብታስቀምጠው 150 ኪሎባይት ገደማ ነው።

መዝሙሩ ግን ሙሉ ካርድ ባይሆን ይሻላል። ከላይ አንድ ቀጭን መስመር ይበቃዋል፤ የሚሄደው መዝሙር ስምና ማቆሚያ። እናትህ ማጫወቻውን ስታነሳ ሌላ ነገር ሳትነካ ማቆም መቻል አለባት።

ጽሑፉን በአማርኛ አድርገው፣ እባክህ። "ቀጥል"፣ "አስቀምጥና ዝጋ"፣ "መጽሐፍ"። ፊደላችን እንደ ዓረብኛ መያያዝ የለውም፤ ፍሪታይፕ (ፊደል የሚስለው ላይብረሪ) አንድ አንድ ፊደል ቢያወጣልህ ይበቃል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ጫን። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቅ። በ16 ፒክስል ቁመት "ኳ" እና "ኋ" የመሳሰሉት ድፍን ነጠብጣብ ይሆናሉ፣ "ጩ" እና "ጪ" አይለዩም። 24 አድርገው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ፊደላችን ጽሑፍ በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው። የመዝሙሩ ስም ረዝሞ በ32 ባይት ከቆረጥከው አሥረኛው ፊደል ላይ አልፎ አስራ አንደኛውን መሃሉ ላይ ትቆርጠዋለህ። መጨረሻው ላይ ባዶ ሳጥን ይወጣል። ቆጠራህ በፊደል ይሁን፣ በባይት አይሁን።

ማታ_ኮደር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሥር ቀን ጠፋሁ፤ እየሠራሁ ነበር።

ጋሼ ጂፒቱኤክስ፣ እንደተናገሩት ስክሪፕቱ ነበር። የሚዋጉት ጌሞች አምስት ናቸው፤ አምስቱም በስክሪፕት ነው የሚነሱት። ቡድን ውስጥ ካስገባኋቸው በኋላ አንዱም አልተዋጋም። ሦስት ሳምንት ያቃጠለኝ ነገር ሁለት መስመር ኮድ ሆኖ ተገኘ። የዋይ ኦፍሴቱም ልክ ነበር። ዩኢንፑቱ ነው ያስቸገረኝ። አንዳንዱ ኢሙሌተር ቁልፉን በስሙ ነው የሚፈልገው። ምናባዊውን የእውነተኛውን ስምና መለያ ቁጥር ሰጠሁት፤ ከዚያ ሁሉም ተቀበለው። ወንድሜን "ጥፋቱ ያንተ አልነበረም" አልኩት። "ነግሬህ ነበር" አለኝ።

ገርጂ፣ ያንተን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልወሰድኩትም፣ ግን አልተውኩትምም። ሁለቱን አንድ ላይ አደረግኳቸው። የሜኑ ቁልፉ ሲጫን መጀመሪያ ቁልፎቹ ይለቀቃሉ፣ ከዚያ ለሬትሮአርክ ሴቭ እንዲያደርግ ትዕዛዝ ይሄዳል፣ የሴቩ ፋይል ተጽፎ ሲያልቅ ቡድኑ ይተኛል። ስለዚህ መመለስ ፈጣን ነው፣ ባትሪ ቢያልቅም ካርዱ ላይ አለ። ከርነሉ ጌሙን ቢገድለውም ሜኑው ያውቃል፤ "ቀጥል" ሲባል ከሴቩ ያስነሳዋል። ልጁ ልዩነቱን የሚያውቀው ትንሽ ስለሚዘገይ ብቻ ነው።

የራሙን ነገር ከሥሩ አየሁት። የእኔ የመጽሐፍ አንባቢ ፕሮግራም ገጹን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ነበር የሚከፍተው። ኤፎር ገጽ በዚያ መጠን 2480 በ3508 ፒክስል ነው፤ በአራት ባይት ሲባዛ ወደ 35 ሜጋ ይሆናል። እኔ ደግሞ ቀድሞ እንዲዘጋጅ ብዬ ብዙ ገጽ በአንዴ እይዝ ነበር። አሁን በስክሪኑ ወርድ፣ በ640 ነው የምከፍተው፤ አንድ ገጽ 2.3 ሜጋ ገደማ ነው። ፎርሙላ ሲያነብ አንድ ቁልፍ ሲጫን ያንን ቦታ ብቻ አጉልቶ ያሳየዋል። ራም ካነሰ መጀመሪያ የሚገደለው አንባቢው እንዲሆን የኦኦኤም ነጥቡን (ራም ሲያልቅ ከርነሉ ማንን እንደሚገድል የሚወስንበትን) ከፍ አደረግኩት። ገጽ ቁጥሩን ፋይል ላይ ስለምጽፈው ቢሞትም ምንም አይጎዳም። የሜኑውን ነጥብ እስከ ታች አወረድኩት፤ እሱ ከሞተ ቁልፉም ይሞታልና።

ፊደል በፒክስል፣ እህቴ፣ ሳጥኑ መጥቶብኝ ነበር። አንድ ረጅም የመዝሙር ርዕስ መጨረሻ ላይ። አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ ፎንቱን ስቀያይር ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። ካርዶቹ ሦስት አልሆኑም፣ ሁለት ሆኑ፤ መዝሙሩ እንዳልሽው ከላይ መስመር ላይ ገባ። እናቴ ማቆሚያውን ራሷ አገኘችው።

አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ። ጌሙ ተኝቶ ሳለ ጆሮ ማዳመጫው ከተነቀለ፣ ሲነቃ የጌሙ ድምፅ በስፒከሩ አይወጣም፤ መዝሙሩ ግን ይወጣል። ነቅዬ መልሼ ስሰካው ይስተካከላል። ዲሚክሱ ይሁን የሚክሰሩ መቀየሪያ ገና አልለየሁም። ፍንጭ ያለው ይጻፍልኝ፤ ኮዱን አጽድቼ ሳበቃ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

ትናንት ማታ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ መብራት አልነበረም። ወንድሜ ኳሱን አቁሞ የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ሲያነብ ነበር። መሃል ላይ ወደ ካርዶቹ ተመልሶ የቆመውን ጨዋታ አየት አደረገና እንደገና ወደ መጽሐፉ ገባ።

የድሮ_ጂፒቱኤክስ፦

አየት ማድረጉ ነው ደስ ያለኝ። ለጆሮ ማዳመጫው፣ ጌሙን ከቀሰቀስክ በኋላ አሚክሰር በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ትዕዛዝ የስፒከሩ መቀየሪያ በርቶ እንደሆነ እይ። በርቶ እያለ ድምፅ ከሌለ ዲሚክሱ ነው፤ የአሳውንድ ኮንፍ ፋይልህን (የአልሳ ሴቲንግ የተጻፈበትን) እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።